መልስ፦ የካይት ባጊ የእግር መደገፊያ እቤት መስራት

ወንድሜ ካይት ባጊ ላይ (ካይት የሚባለው ንፋስ የሚይዝ ትልቅ ጨርቅ የሚጎትተው፣ የፊት ጎማው በእግር የሚዞር ባለ ሶስት ጎማ ጋሪ ነው) እግሬ ከመርገጫው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ እቤት ምን ልስራለት ላልከው፣ እኔ 110 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ 15 ሳንቲም ቆርጬ ለሁለት ሰንጥቄ ነው የሰራሁት፣ ጎድጓዳው ወደ አንተ ይዙር ተረከዝህ እንዲያርፍበት፣ ከዛ መርገጫው ላይ በሁለት ብሎን ታስረዋለህ፣ ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው የማይላላው ይሁን ተራውን ንዝረቱ ፈትቶ አሸዋ ላይ ነው የሚጥልልህ። ላዩ ላይ የሳይክል ካላማዳሪ ለጥፍበት፣ እርጥብ አሸዋ ከነካው ጫማ እንደ ሳሙና ነው። ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ እኔ ሰንፌ ትቼው ቁርጭምጭሚቴን ልጦኛል ሃሃ።

ግን እግርህን በቀበቶ እንዳታስር በናትህ! ካይቱ ከወንበሩ ነቅሎ ሲያወጣህ እግርህ ወዲያው መለቀቅ አለበት። ከመውጣትህ በፊት ተቀመጥበትና መርገጫውን በእግርህ ግራ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ቱቦው የፊት ጎማውን እንደማይነካ እይ