ለተቸገረ ስንሰጥ ሃይማኖቱን መጠየቅ ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ለመጡ ወገኖች ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ሰብስበን ነበር። ለማደል ስንነሣ ግን ኮሚቴያችን ተከፈለ። ከተፈናቃዮቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። አንዳንዶቻችን «ሐዋርያው ‹ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች› ብሏልና መጀመሪያ ለራሳችን ሰዎች» አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ለሁሉም ይሰጥ፣ ነገር ግን ከእደላው በፊት ሁሉም ስብከት ይስማ» አልን። ዱቄቱ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ምን እናድርግ? ደግሞስ አሥራቴን በቀጥታ ለእነርሱ ብሰጥ ይቆጠርልኛልን? ወለተ ማርያም

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ ዱቄቱ ነው። እናንተ ክርክሩን ሳትጨርሱ ነቀዝ እንዳይጨርሰው።

የገላትያን መልእክት የጠቀሱት ወንድሞች ጥቅሱን ከወገቡ ጀምረው ነው ያነበቡት። ምዕራፍ 6 ቁጥር 10 አስቀድሞ የሚለው «ለሰው ሁሉ» ነው። «ይልቁንም» የሚለው ቃል የቅርቡን ወንድምህን አትዘንጋ ይላል እንጂ የሩቁን በር ላይ አቁም አይልም። አንዲት እናት «ይልቁንም ለታመመው ልጄ» ብትል ጤነኞቹ ጦማቸውን ይደሩ ማለቷ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደገና አንብቡት። ጌታ የካህኑን ማንነት ነገረን፤ የሌዋዊውን ነገረን፤ የሳምራዊውንም ነገረን። የቆሰለውን ግን «አንድ ሰው» ብቻ ብሎ አለፈው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ እንደነበረ እንጂ ምን ያምን እንደነበረ አልተጻፈም። ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ለማፍሰስ ያ አላስፈለገም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬው አይደለም፤ አፍሬ ነው የተማርኩት። በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ አቅጣጫ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶቻችን ሁሉ መጠለያ ሆነው ነበር። ወንበሩ ጥግ ላይ ተከምሮ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሂሳብ ትምህርቱ ሳይጠፋ፣ ከሥሩ ሰባት ቤተሰብ ይተኛበታል። እኔና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተር ይዘን ምዝገባ ጀመርን። አንድ ጎልማሳ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ተራው ደረሰ። መዝጋቢው ልጅ ሳያስበው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስም ስንመዘግብ እንደለመደው፣ «የክርስትና ስም?» አለው። ሰውዬው ልጁን አየው፤ እኔን አየኝ። «እኔ ያለኝ ስም አንድ ነው» ብሎ ጀሪካኑን አንሥቶ ከሰልፉ ወጣ። ተከትዬው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። መጨረሻው ላይ ተመለሰ፤ ግን ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ስላሉ ነው የተመለሰው እንጂ እኔ አሳምኜው አይመስለኝም። ልጁ ክፉ አልነበረም። ጥያቄው ግን የእርዳታ ጥያቄ አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልሂድ፤ «ስብከት ይስማና ይሰጠው» ወዳላችሁት። እናንተም ባዶ እጃችሁን እንዳልመጣችሁ አውቃለሁ፤ «ጌታ ሕዝቡን አስተምሮ አይደለም ወይ አምስቱን እንጀራ ያበላው?» እንደምትሉ ይገባኛል። ልክ ነው፣ አስተምሮ አበላ። ነገር ግን ያ ሕዝብ ሊሰማው በእግሩ ተከትሎት የመጣ ነው። የእናንተ ተፈናቃይ የመጣው ቤቱ ተቃጥሎ ነው። ደግሞ ጌታ ከማብላቱ በፊት ማን እንዳመነ ማን እንዳላመነ አልለየም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 መጨረሻ አካባቢ ብዙዎች ትተውት እንደሄዱ ተጽፏል፤ የበሉትን እንጀራ መልሱ አላላቸውም። የተራበ ሰው ስብከት እንዲሰማ ስታስገድዱት እርሱ የሚሰማው የራሱን ሆድ ነው፤ ቃሉም በጆሮው ውስጥ የዱቄት ዋጋ ሆኖ ይቀራል። እኔ ስብከትን ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ሥራ ነውና ይህን ስናገር ዋጋውን ለማርከስ አይደለም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ካለ አስተምሩት፤ ዱቄቱን ወስዶ ከሄደ በኋላ፣ በሌላ ቀን።

ይህ የእኔ ብቻ አሳብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ከተመሠረተበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌላ አገር ተሰደው የመጡትን ጨምሮ የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች ሲረዳ ኖሯል። እኛ ወሎዎችማ ነገሩን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ ምክንያት የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ተሰባስበው የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበርን ያቋቋሙት ለእኛው አያቶች ነው። በ1977 ዓ.ም. ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ባቲ ላይ በመጠለያው የተኮለኮለው ሕዝብ አማራም፣ ኦሮሞም፣ አፋርም ነበረ፤ አብዛኛውም ሙስሊም። በዓለም አቀፍ ደረጃም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ በችግር መጠን ብቻ እንደሚሰጥ፣ ሃይማኖትን ወይም ፖለቲካን ማስፋፊያ እንደማይሆን ሰፍሯል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ፤ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከእርሱ ነውና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም የገጠማት በዕለት እደላ ነበር፤ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች እየተዘለሉ። ሐዋርያት «ታገሡ፣ ጸልዩ» ብቻ ብለው አላለፉትም፤ ሰባት ሰዎች ተመርጠው ለሥራው ተሾሙ፤ ስማቸውም የግሪክ ስም ነው። የተዘለለው ወገን ሰዎች ማዕዱ ላይ ተሾሙ ማለት ነው። እኛም ደሴ ላይ መጀመሪያ ዝርዝሩን በአባወራ ስም ብቻ ጽፈን ባሏ ወደ ኋላ የቀረባት ሴት ሁሉ ተዘልላ ነበር። ያስተካከሉልን የሰፈሩ የቅሬ መሪዎች ናቸው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ በአንድ ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። ማን ቤት ማን እንደተጠጋ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን ሁለት ቦታ እንደተመዘገበ ከቅሬ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን ለብቻችሁ አትያዙት።

ሂሳቡንም እንዲሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሰዎች አብሮ አስላከ፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ አለ። ጳውሎስ ካልታፈረበት እኛ ደረሰኝ ለመቁረጥ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ፎቶግራፍ ካስፈለጋችሁ ጆንያውንና የፈረሙበትን ወረቀት አንሡ። ብርድ ልብስ ስትቀበል ፊቷን የሸፈነችን ሴት «ቀና በይ» ብሎ የሚያነሣ ሰው አይቻለሁ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን ያነበበ አይመስልም።

ስለ ምግቡ ሁለት ነገር ልጨምር። ለበዓል በሬ አርዳችሁ ሥጋ ልታድሉ ብታስቡ ሙስሊሞቹ እንደማይበሉት ታውቃላችሁ፤ እንደ ወሎ ሠርግ በጉን በቁሙ ስጧቸውና ራሳቸው ይረዱት። በጾም ወራት ደግሞ እናቶች «ወተት አለበት» ብለው ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠውን ፕላምፒናት ሲከለክሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ከኦቾሎኒ ጋር የወተት ዱቄት አለበት። ነገር ግን ያ በጤና ባለሙያ የታዘዘ የሕፃኑ መድኃኒት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፣ ሕፃንንማ ጨርሶ። ለእናቲቱም ንስሐ አባቷ ይንገሯት።

ሳምራዊው ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ «የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ማለቱን ልብ በይ። የሚመለስ ሰው ነበረ። እኛ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እንጎርፍና በስድስተኛው ወር ማንም የለም። ተፈናቃይ ወደ ቀየው ሲመለስ ዘሩን በልቶ፣ በሬውን አጥቶ ነው የሚመለሰው። ማሽላውን በጊዜው ካልዘራ፣ ጤፉን በሐምሌ ካልዘራ፣ የዛሬው ዱቄት ለሚመጣው ዓመት ረኀብ መግቢያ ይሆናል። እናንተ ኮምቦልቻ ላይ ዱቄት ፋብሪካም ገበያም በእጃችሁ ነው፤ ልብስ ከመሰብሰብ ይልቅ ገንዘብ ሰብስባችሁ ከዚያው ግዙ፤ ከፊሉንም ለዘር አስቀምጡ። ለእኛ ከመጡት ጆንያዎች አንዱ ውስጥ የሙሽራ ጫማ፣ ያውም አንድ እግር ብቻ፣ አግኝተናል።

አሥራትሽን በተመለከተ፦ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አሥራትን ለቤተ ክርስቲያን፣ ምጽዋትን ለድሃ ለይቶ ያስቀምጣል። በዘዳግም 14፥28-29 ግን በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሃ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉት ታዝዟል። ስለዚህ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ፤ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም ከአሥራቱ ለተፈናቃዮች ድርሻ እንዲመድብ ጠይቁ። በራስሽ ፈቃድ ቆርጠሽ ለመስጠት ከቸኮልሽ ግን ከዘጠኙ እጅ ላይ ይሁን፤ ያኔ ማንንም መጠየቅ አያሻሽም።

እንግዲህ ሐሙስ ሳይደርስ ከሰፈሩ የቅሬ መሪዎችና ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ሰው አስጠሩ፤ ዱቄቱን አብራችሁ መዝኑ፤ የነቀዘ ካለ ነፍታችሁ ለዩት። ለምዝገባም ደብተሩን ለልጆቹ ከመስጠታችሁ በፊት ከላዩ ላይ በትልቁ ጻፉላቸው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት።