«ሰነፍ ነው» የተባለው ልጅ ሰሌዳው አይታየውም ነበር

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። መምህሩ «አይከታተልም፣ ከጎኑ ልጅ ይገለብጣል» እያሉ ደብተሩ ላይ ይጽፉልን ነበር። ባለቤቴ ተናዶ ኳስ ከለከለው፤ አንዳንዴም ይመታው ነበር። በቅርቡ ዓይኑ ሲመረመር የሩቅ ነገር አጥርቶ እንደማያይ ታወቀ። አሁን ባለቤቴ ጉዳዩ ሲነሳ ይዘጋኛል። እኔም ሁለቱንም ይቅር ማለት አቃተኝ። መምህሩን ሰው ፊት ልናገራቸው አስቤያለሁ። ልጁ ደግሞ «አራት ዓይን» ስለሚሉት መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ ይደብቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መናደድዎ አይገርመኝም። ግን ልጅዎ ለምን «አይታየኝም» እንዳላለ እንይ። ሰሌዳው ብዥ ማለት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ሌላውም ሰው እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። እናንተም ቤት ውስጥ ባለማወቃችሁ አይፈረድባችሁም። ሩቅ የማያይ ልጅ መጽሐፍ ሲያነብ ብዙ ጊዜ አይቸገርም። ችግሩ፣ ቤት ሲያነብ ያየው ሰው «ሲፈልግማ ይችላል!» ይለዋል። ከዱላው ባልተናነሰ የሚጎዳው ይህ ነው።

መምህሩስ? ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ልጁ ይገለብጥ ነበር። ሰሌዳው ካልታየው የጎረቤቱን ደብተር ከማየት ሌላ ምን አማራጭ አለው? የሳቱት ትርጉሙን ነው። የቀላ ወይም የተንሸዋረረ ዓይን ማንም ያያል። ብዥታ ግን ከውጭ አይታይም። ምን መፈለግ እንዳለበት ያልተነገረው መምህር ደግሞ የሚያየው ጸባይ ብቻ ነው። ዓይኑን የሚያጨነቁረው፣ አንገቱን ዘንበል የሚያደርገው፣ አንድ ዓይኑን በእጁ የሚሸፍነው፣ ሲያነብ መስመር የሚስተው፣ ራሴን አመመኝ የሚለው ልጅ ሁሉ «ትኩረት የለውም» ይባላል። አንድ ዓይኑ ብቻ የደከመበት ልጅማ በደህናው ስለሚያይ ጭራሽ አይታወቅም። እሱ በጊዜ ካልታከመ ደግሞ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።

ስለዚህ መምህሩን ሰው ፊት አይናገሯቸው። ለብቻቸው ያግኟቸውና የልጁን ደብተር ይክፈቱ። ከመጽሐፍ የገለበጠውንና ከሰሌዳ የገለበጠውን ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው። የመጀመሪያው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ላይ ቃል ተዘሎ፣ 3 ቁጥር 8 ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ከብዙ ወቀሳ ይልቅ ይህ ያሳምናል። ከዚያ ልጁ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ፣ ስለ መነጽሩም ክፍል ውስጥ ወሬ እንዳይበዛ ይጠይቁ። የሌሎቹንም ልጆች ዓይን እንዲያዩ ይንገሯቸው። የሆላንዱ ሐኪም ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው የዓይን መመርመሪያ የፊደል ሰንጠረዥ ዛሬም ይሠራል። ጥቂት ሥልጠና ያገኘ መምህር ልጁን 6 ሜትር ላይ አቁሞ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ ሊያይ ይችላል። ምርመራውን አይተካም፤ ማን መመርመር እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ከሩቅ ሆኜ መፍረድ ቢከብደኝም፣ ዝምታቸው ግድ የለሽነት አይመስለኝም። ያፈሩ ይመስለኛል። ያፈረን ሰው ሲወቅሱት የባሰ ይዘጋል። ግን አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ልጁ እውነት ሰነፍ ቢሆን ኖሮም መምታቱ ልክ አልነበረም። ባለቤትዎ እርስዎን ሳይሆን ልጁን ይቅርታ ይጠይቁት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አይታይህም ነበር፣ እኔ አላወቅኩም። መምታቴ ጥፋቴ ነው» ካሉት ይበቃል። ኳሱንም ይመልሱለት። እርስዎም ያን ጊዜ አብረው ገብተው «አየህ!» እንዳይሉ አደራ።

መነጽሩን በቁጣ አያስደርጉት። ፍሬሙን ራሱ ይምረጥ። መጀመሪያ ጥቅሙ ወዲያው በሚታየው ቦታ፣ ለምሳሌ ኳስ ወይም ቴሌቪዥን ሲያይ ያድርገው። ልጆቹ ሲስቁበት ምን እንደሚመልስ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፤ «አዎ፣ አሁን አንተንም በደንብ አየሁህ» የሚል መልስ ብዙውን ጊዜ ሳቁን ያበርደዋል። ስድቡ ከቀጠለ ግን ጉዳዩ የመምህሩ ነው። ዘመድ መጥቶ «መነጽር ዓይን ያደክማል» ቢላችሁ አትስሙት፤ አያደክምም። ልጁ እያደገ ሲሄድ የመነጽሩ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ መመለስ አለባችሁ።

የሩቅ እይታ ችግር በቤተሰብ የመሄድ ባሕርይ አለው። ታናናሾች ካሉት «እነሱ ደህና ናቸው» ሳትሉ አስመርምሯቸው። አባትየውም አብረው ቢታዩ አይከፋም።