የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሆም ራን ደብተራችን ከኮምፒውተሩ ጋር ለምን አይስማማም?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬን በማስቀደም እጽፍልዎታለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበን የድሮውን የአሜሪካ ቤዝቦል በኮምፒውተር ጨዋታ እንደ አዲስ እናካሂዳለን። እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምረን በቅርቡ 1927ን ፈጽመናል። የሆም ራን መዝገብ፣ ማለትም መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የላከባቸውን ምቶች፣ በደብተር የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለስኩ እጽፋለሁ፣ በየመስከረም 1 ደግሞ አዲስ ገጽ እከፍታለሁ። አሁን ሦስት ነገር አስቸግሮናል። የእኔ ድምር ከኮምፒውተሩ ድምር ጋር አይገጥምም። በእውነተኛው 1927 በ60 ሆም ራን ክብረ ወሰን የያዘው ዝነኛው መቺ ቤብ ሩት በእኛ ሊግ 67 ስለመታ አንዱ ጓደኛችን «ጨዋታው ተበላሽቷል» ሲል ሌላው «ክብረ ወሰኑ ተሰብሯል» ይላል። መብራት ጠፍቶ በተቋረጡ ጨዋታዎች የተመቱትስ ይቆጠራሉ?
አንባቢዎ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር መንስኤ በደብዳቤዎ ውስጥ ተጽፏል። በዚያ ዘመን የቤዝቦል ውድድር በሚያዝያ ተከፍቶ መስከረም ሲጋመስ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ይዘጋ ስለነበር፣ የእኛ አዲስ ዓመት ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይገባል። እውነተኛውን የሩትን ዘመን ብንወስድ፣ ሃምሳኛው ሆም ራን የተመታው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1927 ሲሆን ይህም በእኛ ጳጉሜን 6 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳኛው ደግሞ መስከረም 19 ቀን 1920 ዓ.ም. ላይ ይውላል። የእርስዎ ደብተር ይህን አንድ ዘመን ለሁለት ከፍሎ ለ1919 ሃምሳ፣ ለ1920 ደግሞ አሥር ባደረገው ነበር። የኢትዮጵያን ቀን መጻፍዎን እንዲተዉ አልመክርም፤ ገጹ የሚከፈተው ግን በእንቁጣጣሽ ሳይሆን በውድድሩ መክፈቻ ዕለት መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የተያያዘና በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ፣ በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ድምር ሳይሆን እያንዳንዱ ምት ራሱ መሆኑ ነው። ለአንድ ሆም ራን አንድ መስመር ይስጡ፤ በዚያ መስመር ላይ የውድድር ዘመኑን፣ ቀኑን፣ የመቺውንና የወርዋሪውን ስም፣ መቺው በዚያ ዕለት የተጫወተበትን ቡድን፣ እንዲሁም ሜዳውን ያስፍሩ። ድምር ከመስመሮቹ በማንኛውም ጊዜ ሊወጣ ይችላል፣ መስመሮቹን ግን ከድምር ማውጣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርክ መጓየር ለኦክላንድ 34፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተዛወረ በኋላ 24፣ በጠቅላላው 58 ሆም ራን መትቷል። በዚያ ዓመት ከእርሱ የበለጠ የመታ ተጫዋች ባይኖርም ሁለቱ ቡድኖች በተለያዩ ሊጎች (አንዱ በአሜሪካን ሊግ፣ ሌላው በናሽናል ሊግ) ውስጥ ስለነበሩ በአንዱም ሊግ የበላይ ተብሎ አልተመዘገበም። ድምር ብቻ የያዘ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። የሜዳው ስምም ለጌጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ኔድ ዊልያምሰን ለቺካጎ 27 ሆም ራን ሲመታ 25ቱ የተመቱት በራሱ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ በግራ በኩል አጥሩ እጅግ ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ ከ1884 በፊት በነበረው ዓመት በዚያው የተሻገረች ኳስ ሆም ራን ሳትባል ሁለት ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስባቸው ጣቢያዎች) ብቻ ታስገኝ ነበር። ያም ሆኖ ክብረ ወሰኑ እ.ኤ.አ. በ1919 ሩት 29 እስኪመታ ድረስ ቆይቷል።

ወደ 67ቱ እንምጣ። ጨዋታው ተበላሽቷል የሚሉት ጓደኛዎ የተቸኮሉ ይመስለኛል። ሩት እ.ኤ.አ. በ1927 ለመምታት 691 ጊዜ ተራ ደርሶት 60 ጊዜ ሆም ራን ስለመታ፣ በእያንዳንዱ ተራ ያለው ዕድል ከመቶ 8.7 ያህል ነው። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህን ዕድል ይዞ 691 ጊዜ ዕጣ ማውጣት ነው እንበል። እንዲህ ያለ ዕጣ ሁልጊዜ 60 ላይ አያርፍም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም በሰባት ያህል መዋዠቁ የተለመደ ሲሆን፣ ያንኑ ዘመን ደጋግመው ቢያካሂዱት ከአምስቱ በአንዱ ገደማ 67 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛሉ። እንዲያውም በየጊዜው 60 ብቻ ቢመጣ ኖሮ ጥርጣሬው ይገባ ነበር።

ብልሽት መኖሩን ለማወቅ ከፈለጉ አንድን ሰው ሳይሆን ሊጉን ይመርምሩ። በእውነተኛው 1927 የአሜሪካን ሊግ ስምንቱ ቡድኖች በአንድነት 439 ሆም ራን መትተዋል፤ የሩት 60 ብቻውን ከሰባቱ ተጋጣሚ ቡድኖች ከእያንዳንዱ ድምር ይበልጥ ነበር፣ ሁለተኛ የነበረው የፊላደልፊያ ቡድን 56 ነውና። የእናንተ ሊግ ጠቅላላ ድምር በ439 አካባቢ ከሆነ 67ቱ የዕድል ነገር ነው። ስድስት መቶና ሰባት መቶ ከደረሰ ግን ጨዋታው ሲከፈት የተመረጠው ዘመን የ1920ዎቹ አይደለም ማለት ነውና ማስተካከያውን ይፈትሹት።

ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም ለሚለው ክርክር፣ ሁለት ዓምድ አበጅታችሁ የእናንተን ሊግ በአንዱ፣ እውነተኛውን ታሪክ በሌላው ማስፈር ይበቃል። በእናንተ ሊግ ክብረ ወሰኑ 67 ነው፤ የሚበልጠውም እዚያው ሊግ ውስጥ የተመታን ቁጥር ነው። ወደ 1961 ስትደርሱ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ይጠብቃችኋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካን ሊግ ዘመኑን ከ154 ወደ 162 ጨዋታ አሳደገ፤ ሮጀር ማሪስም 61 በመምታት ሩትን ሲበልጥ በ154ኛው ጨዋታ ላይ ገና 59 ነበረው። የሊጎቹ ኮሚሽነር ፎርድ ፍሪክ ሁለቱ ክብረ ወሰኖች ተለይተው እንዲጻፉ ጠየቁ፣ ይህም ልዩነት በይፋ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የጨዋታውን ተራ ቁጥር ካሁኑ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከጻፋችሁ ያን ጊዜ በቃል አትጣሉም።

የመብራቱ ጉዳይ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ደንብ አምስት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) ሳይሞላ በዝናብ የተቋረጠ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠርና በውስጡ የተመታው ሁሉ ይሰረዝ ነበር። ማሪስ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1961 ባልቲሞር ላይ አንድ ሆም ራን በዚህ መንገድ አጥቷል። እናንተም ኮምፒውተሩ ያላስቀመጠውን ጨዋታ በደብተር አታስቀሩት፤ ሰርዛችሁ እንደገና አጫውቱት። አምስት ኢኒንግ አልፎ ነበር የሚል ሰው ቢነሣ እንኳ የተቋረጠው በዝናብ ሳይሆን በመብራት ስለሆነ፣ የቱሉ ዲምቱን መብራት የሚመለከት ደንብ አሜሪካኖቹ አልጻፉም።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ ከየዘመኑ ምርጥ መቺዎችን ሰብስበን በአንድ ሊግ እናጫውታለን። በዕድሜ ልክ ሠንጠረዣችን ላይ የጃፓኑን ሳዳሃሩ ኦህንና ጆሽ ጊብሰንን ከሄንሪ አሮን ጎን መጻፍ ይፈቀዳል?
ከሰበታ

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። የኦህ 868 ሆም ራን በጃፓን ሊግ ከ1959 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተመታ ስለሆነ ከአሮን 755 እና ከባሪ ቦንድስ 762 ጋር በአንድ ተርታ አይገባም፤ ለብቻው ይጻፍ። ጊብሰን የተጫወተባቸው የጥቁሮች ሊጎች ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እንደ ዋና ሊግ እውቅና ያገኙ ሲሆን፣ አሃዞቻቸውም በ2024 ወደ ይፋዊው መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ቦታው ከአሮን ጋር በዚያው ሠንጠረዥ ነው። በእነዚያ ሊጎች በአንድ ዘመን የሚመዘገቡት ጨዋታዎች ከሌሎቹ እጅግ ያነሱ ስለነበሩ፣ ከድምሩ አጠገብ በየስንት ተራው አንድ ሆም ራን እንደሚመታ የሚያሳይ ዓምድ ጨምሩለት፤ በእናንተው ሊግ ውስጥ የሚመታውን ግን ከሌሎቹ ሳትለዩ በአንድ ደብተር መዝግቡ።