አንድ ሸማኔ ይዞ ሰፈሩን ማሳየት

ሰላም እህቴ። «ለመመረቂያዬ ስለ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የ15 ደቂቃ ዶክመንተሪ ልሠራ ነው። በእሱ በኩል ማኅበረሰቡን እንዴት ላሳይ? ሽማግሌዎችን ኢንተርቪው ባደርግ ይበቃል?» ብለሻል። እኔም የተመረቅኩት በእንዲህ ዓይነት ፊልም ነው፣ አሁንም የተማሪዎችን ሥራ ኤዲት አደርጋለሁ። ሽማግሌዎቹን ተያቸው ባይ ነኝ። «ሕዝባችን ታታሪ ነው» ይሉሻል። ካሜራ ፊት ሌላ ምን ይበሉ?

ይልቅ የሚሸምነውን አንድ ነጠላ ከክሩ እስከ ገበያው ተከተይ። ፈትሉን ማን ፈተለው? ድሩን ሲያደራ ማን አገዘው? እጅ ሲያጥረው ክር በዱቤ የሚሰጠው ማነው? ጥለቱን የሚመርጠው እሱ ነው ወይስ ነጋዴዋ? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሰው ይዞልሽ ይመጣል። በተለይ ዋጋ ሲከራከሩ ካገኘሽ ካሜራሽን እንዳታጠፊ! ማን በማን ላይ አቅም እንዳለው እዚያ ቁጭ ብሎ ታዪዋለሽ።

ጊዜውንም አስቢበት። ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ናቸው። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ብዙ ነው። ስለዚህ መስከረም 17 አካባቢ ሽሮ ሜዳ ቀረጻ አትያዢ። የትራንስፖርት ካለሽ አብረሽው ጨንቻ ሂጂ። ከሌለሽ ከዚያ በፊት ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሲጣደፍ ድረሺበት። እርስ በርስ በጋሞኛ ሲያወሩ ደግሞ «በአማርኛ በሉልኝ» አትበያቸው። ከሥር ትርጉም ታስገቢያለሽ።

የሸማኔው እግር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቆመሽ ከላይ ወደ ታች ከቀረጽሽው ታሳንሺዋለሽ፣ ሙያው እንደሆነ በአገራችን ሲናቅ የኖረ ነው። መሬት ላይ ተቀመጪና በዓይኑ ልክ ያዢው። የሽመና እቃው እየተንኳኳ ንግግር አይሰማም፤ ወሬውን ለምሳ ሲያርፍ ቅጂ፣ የሽመናውን ድምፅ ለብቻው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሽመና ላይ የተቀመጠ ሕፃን ልታገኚ ትችያለሽ። ከጋሞ ደጋ ልጆች ለዚህ ሥራ መምጣታቸው የቆየ ጉዳይ ነው። ፊቱን አታሳዪ፣ ስሙንም አትጥሪ። ከመቅረጽሽ በፊት አማካሪሽን አናግሪ።

ፊልሙን መምህራን ከማየታቸው በፊት ሸማኔው ይየው። ስለ ዱቤው ያወራበት ቦታ ካለ «ይቅር» ሊልሽ ይችላል። እንዲያ ካለሽ ቁረጪው። አንቺ ተመርቀሽ ትሄጃለሽ፣ እሱ ግን ነገም ክር የሚወስደው ከዚያው ሰውዬ ነው።