ከአጥሩ በፊት መድኃኒቱን

ልጆቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ ውስጥ በሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ተቀምጬ ነው ያረጀሁት፤ በሽታን የማውቀው በደረሰኝ ነው። ነገ የወረዳ በጀት የምትይዙ ወጣቶች ስላላችሁ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከኩታበር በኩል በቃሬዛ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ደም ግፊቱ ጭንቅላቱ ላይ ደም አፍስሶ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሏል። ልጁ በመስኮቴ ፊት ቆሞ በሬ የሸጠበትን ብር እየቆጠረ ሲከፍል፣ አባቱ ግፊቱን ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የት ሄዶ?» አለኝ።

ግፊት መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ክኒኑም ከርካሾቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። እኔ የአልጋውን፣ የመድኃኒቱን፣ የላቦራቶሪውን ዋጋ መዘገብሁ። በሬው መዝገቤ ላይ የለም። አስታማሚዎች ደሴ ውስጥ ለማደሪያ የከፈሉትም፣ አባቷን ለማንሳትና ለመጣል ትምህርቷን የተወችው ልጅም የሉም።

ሕክምና ለገበሬው ቅርብ መሆን እንዳለበት አገራችን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ20 ዓመት በፊት ሲጀመር ሐሳቡ ለ5,000 ሰው ያህል አንድ ጤና ኬላ፣ በኬላውም ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከርም አንዱ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው የእኛው ተሁለደሬ ነበር። መዋጮ የከፈለው አባል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ መዋጮውን የከፈለው ሰው ከኪሱ እየገዛ በሚቀጥለው ዓመት ለማደስ ያመነታል።

ጤና ጣቢያ ስታጠናክሩ ወጪው ወዲያውኑ ይቀንሳል የሚላችሁን አትመኑ። መጀመሪያ ይጨምራል። ቤቱ ተቀምጦ የነበረው የስኳር ሕመምተኛ ይገኛል፣ መድኃኒት ይጀምራል፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ነው። ትርፉ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ እግሩ ሳይቆረጥ ኩላሊቱ ሳይደክም ሲቀር ነው። ያልተቆረጠ እግር ደግሞ ደረሰኝ የለውም፤ ለዚህ ነው በበጀት ስብሰባ ላይ ጠበቃ የሚያጣው።

እኔም አልቆምሁለትም። ወደ በጀት ሥራ ከተዛወርሁ በኋላ፣ የአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ገንዘብ ተቀንሶ ለአጥርና ለበር እንዲውል ከፈረሙት አንዱ ነኝ። አጥር ለጉብኝት ይታያል፤ መድኃኒት ግን ተውጦ ያልቃል። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ በሩ አረንጓዴ ተቀብቶ ያምራል። ጥበቃው አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ሲያናግር ሰማሁት፦ «መድኃኒት አልቋል፣ ደሴ ውሰጂው።»

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትጎበኙ ሕንፃውን ከመዞራችሁ በፊት የመድኃኒት ክፍሉን ቢን ካርድ፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አስወጡና የግፊቱ ክኒን ከመደርደሪያው የጠፋባቸውን ቀናት ቁጠሩ። ያቺ እናት የዚያን ቀን ለመሳፈሪያ ይኑራት አይኑራት አልጠየቅኋትም።