ጂፒኤሱ ሲጮህ ለሹፌሩ አይደውሉ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሦስት ተሳቢ መኪኖች አሉን። ዘንድሮ ሁሉም ላይ ጂፒኤስ አስገጠምን። ፍጥነቱን 80 ላይ ስላስሞላነው፣ ከዚያ ሲያልፍ ስልኬ ይጮሃል። ወዲያው ለሹፌሩ እደውላለሁ። አሁን አንደኛው «እንዲህ ከሆነስ አልሠራም» ብሎ ቁልፉን ሊያስረክብ ነው። ሌላው ደግሞ ናፍታ የሚቀዳ ይመስለኛል፤ ጂፒኤሱ የሚያሳየው የናፍታ ግራፍ ድንገት ይወርዳል። ባለቤቴ «ሞተሩን በስልክ እናጥፋበት» ይላል። ምን ይሻለናል?
ባለ ሦስት መኪናዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስልኩን ያስቀምጡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ አሁን ቢሮ ተቀምጬ የሰው መኪና እከታተላለሁ። ከ80 በላይ የሚሮጥ ሹፌር ያሰጋል። እየሮጠ ከባለንብረቷ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቅ ግን ይብሳል። እኛ ጋ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ካልጠፋ አይደወልም። ይህን ደግሞ ጂፒኤሱ ራሱ ያሳይዎታል። አዋሽ ለምሳ ሲቆም ይደውሉ። መጀመሪያ «ምሳ በላህ?» ይበሉት፤ የፍጥነቱ ነገር ከዚያ ይደርሳል።

ሞተር ማጥፋቱን በጭራሽ አይሞክሩት! መኪናው እየሄደ ሞተሩ ከቆመ መሪው ይደነድናል። የፍሬኑን አየር የሚሞላው ኮምፕረሰርም አብሮ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ፣ ከነጭነቱ፣ አስቡት እንግዲህ። ያ ነገር የተሠራው ለሌባ ነው፤ ለሌባም ቢሆን መኪናው ሲቆም።

ወደ ናፍታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። አንድ መኪናችን ጭኖ ወደ ጎጃም ሲሄድ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ እየወረደ ግራፉ 40 ሊትር ቀነሰ። ደም ፍላቴ መጣ። ደወልኩና «የት ነው የቀዳኸው?» አልኩት። ልጁ ፍሬን ላይ ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀምር ግን ናፍታው ተመለሰ፤ እንዲያውም ትንሽ ጨመረ። ሽቅብ ሲወጣ ናፍታ የሚጨምር መኪና ቢኖር ሁላችንም ሀብታም ነበርን! ለካ መኪናው አፍንጫውን ሲደፋ ናፍታው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ታንከሩ ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው መለኪያ ዝቅ ብሎ ያነባል። ይቅርታ ጠየቅኩት። በወሩ ግን ለቀቀ።

ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ቆሞ የወረደውን ብቻ ይጠርጥሩ። እሱንም ከማደያው ደረሰኝና ከሄደው ኪሎ ሜትር ጋር ያመሳክሩ። አፋር በረሃ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ምልክቷ ካርታው ላይ ደርቃ ብትቀርም አይደንግጡ። ጂፒኤሱ ደህና ዕቃ ከሆነ መረጃውን ይዞ ቆይቶ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል።

እለቃለሁ ያለውን ሹፌር ግን ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት አስቀምጡት። ቡና ይፈላ። የወሩን ሪፖርት አብራችሁ እዩት፤ የት ቦታ ፍሬን በኃይል እንደረገጠ፣ በስንት ሰዓት እንደሮጠ። የምትከፍሉት በምልልስ ከሆነ ቶሎ መመለሱ ለሱም ለናንተም ገንዘብ ነው፤ ጂፒኤሱ ይህን አያሳይም። ሚሌን አልፎ ወደ አዋሽ ሲመጣ የሚሮጠው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሆኖ ካገኙት ደግሞ፣ «ለጠዋት ሞጆ ድረስ» ያለው ማን እንደሆነ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ።