ጆሯችሁን ይዛችሁ ሲኒማ ግቡ

ልጆቼ፣

ዓመቱ ወደ ጳጉሜን እየተንደረደረ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አለኝ፤ ዘንድሮ ያን ጊዜ ለፊልም፣ ለቴአትርና ለበዓላት ሰጠሁት። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ድምፅ ስቀዳ ስለሆነ የምመክራችሁም ከጆሮ በኩል ነው። ስለ ካሜራ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ተነስቶ ሲኒማ መግባት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የማታውን ተዉት። ፊልሙ ሲያልቅ ታክሲ የለም፤ ያለውም «ኮንትራት ካልሆነ» ይላል። የስምንት ሰዓቱን ወይም የአሥር ሰዓቱን እዩ። ባቡሩ ከአያት በመገናኛ አድርጎ ለገሃር ያወርዳችኋል። ብሔራዊ ቴአትር ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ ስልካችን ላይ በነፃ እያለ ምን ያደክመናል?» ይሉኛል። በነፃ ያሉት ብዙውን ጊዜ የተሰረቀ ነው፤ እሱን ለጊዜው ልለፈው። የዘመኑን ሲኒማ ቤት ሸራ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ድምፅ ማጉያው ከጀርባው ነው ያለው። ተዋናዩ ሲናገር ድምፁ በቀዳዳዎቹ አልፎ ከራሱ አፍ የወጣ ይመስላል። በደንብ በተሠራ አዳራሽ ደግሞ ዝናቡና የመኪናው ጩኸት ከጎንና ከኋላ ይመጣል። ስልክ ይህን ሁሉ ጨምቆ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያወጣዋል።

ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማሳያ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። የዚያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልባ ነበር፤ ሰዉ የደነገጠው በምስሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጣው በ1957 ነው። በራሳችን ቋንቋ ፊልም መስማት ከጀመርን ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው ማለት ነው። እኔ ራሴ ከዚያ ፊልም ብዙም አላንስም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ዘንድሮ ካየኋቸው ያገር ውስጥ ፊልሞች በብዙዎቹ ሙዚቃው አያርፍም። በር ሲከፈት ኪቦርድ፣ ሲጣሉ ኪቦርድ፣ ሲታረቁ ኪቦርድ። ሁልጊዜ ተፈልጎ አይደለም። ቀረፃ ላይ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ በር ላይ ባጃጅ ይቆማል። የተበላሸው ድምፅ በሙዚቃ ይሸፈናል። ትንሽ የሚያድን ዘዴ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ቀረፃው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ዝም ይበልና የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ባዶ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው። በኋላ ንግግሩ ሲቆራረጥ ክፍተቱ በዚያ ይሞላል። ይህን ስነግራቸው ወጣት አዘጋጆች «እናውቃለን ጋሼ» ይላሉ። ታዲያ ለምን አትቀዱም? «ሰዉ ይቸኩላል።»

አንዱ ፊልም ግን አስደሰተኝ። እናት ቡና ትቆላለች፤ ልጇ ከስደት ተመልሶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው ብረት ምጣዱ ላይ የሚንገጫገጨው ቡና ብቻ ነው። ፈንዲሻ የሚበላው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ይህ አይገጥማችሁም፤ አብሯችሁ ዝም የሚል ሕዝብ የለማ።

ቴአትርንም አትርሱ። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተከፈተ። ጎበዝ የመድረክ ተዋናይ ሹክ ሲል እንኳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል። እንዴት እንደሚያደርገው ተከታተሉ።

ጥምቀትን ዘንድሮ ጃንሜዳ አልወረድኩም፤ እዚሁ በሰፈራችን አከበርኩ። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከበሮው በዝግታ ይጀምራል፣ ጸናጽሉ አብሮት ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ሳይታወቃችሁ ይጨምራል፤ ልብ ስትሉ ሕዝቡ ሁሉ እያጨበጨበ ነው። አንድን ትዕይንት እንዴት ቀስ በቀስ ማጋል እንደሚቻል ለማወቅ የፈለገ ፊልም ሠሪ ይሂድና ይስማ።

«መሣሪያ የለንም» ለምትሉ፣ የፊልም አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን የቀረፀው አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ይህን ብዬ ልለፍ።

እናንተ ዳር ከተማ የምትኖሩ መሀል ከተማ የሌለ ሀብት አላችሁ። አያትም ሆነ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ሌሊት ጅብ ይሰማል። ጎህ ሲቀድ ቅዳሴና አዛን ይገናኛሉ። ከዚያ የሲሚንቶ ማቡኪያው ይነሳል። ከብት የሚነዳ ልጅ ኮብልስቶኑ ላይ እያፏጨ ያልፋል። ሜዳው ሕንፃ ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀየራል፤ ጅቡም ቦታ ይለቃል። ስለዚህ አሁን ቅዱት። ስልካችሁን ከኔትወርክ አውጡት፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፣ ከነፋስ ከልሉት። መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን ተናገሩ፤ ከዚያ አፋችሁን ዝጉና ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይሂድ። የቀዳችሁትንም እዚያው ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።